ስድስተኛዋ ሞላ

ባሌ እንድሪስ ሲሞት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የገደለችው ከአውራ ጣቴ ብዙ የማትበልጥ የብረት ሞላ ናት። ሰው «አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ እኔም ሰው ፊት «አጀሉ ነው» እላለሁ። ነገር ግን ያቺን ሞላ በክር አንጠልጥዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። ድምፅዋንም የሰማሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለብቻዬ ስሆን አጀል ብዬ መገላገል አልችልም።

አባቴ ረሻድ የወሎ ሰው ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሥራው የባቡሩን የብረት ጎማ እየዞሩ በመዶሻ መምታትና ማዳመጥ ነበር። ደህናው ጎማ ሲመታ ድምፁ ረዥም ነው፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ወዲያው ይታፈናል። አባቴ በዚህ ጆሮው እንጀራውን በልቷል፣ እኔንም አሳድጎኛል። ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ አራዳ ገበያው ሥር፣ ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። ጣልያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው የምነግራችሁ፤ ያኔ በከተማው አውቶሞቢል ያለው ሰው ጥቂት ነበር፣ አውቶሞቢል የሚጠግን ያገር ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ትልልቆቹ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ፈረንጆቹ ይወስዱና ፈረንጆቹ ሲያቅታቸው ወደ አባቴ ያመጡ ነበር።

እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተችብኝ፣ ወንድምም ስላልነበረኝ፣ ያደግሁት ከብረቱ ጋር ነው። የሰፈሩ ሴቶች «የረሻድ ልጅ ጥፍሯ እንደ ከሰል ጠቁሮ ማን ያገባታል?» ይሉ ነበር። እንድሪስ አገባኝ። የባላምባራስ ገብረክርስቶስ ሾፌር ነበር፤ አውቶሞቢሏን ለማስጠገን ሲመላለስ ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ። «ሌላዋ ሴት እጇን ሂና ትቀባለች፣ አንቺ ግሪስ ቀባሽ፤ ለእኔ ሁለቱም ያው ነው» ይለኝ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ኖርን። ክፉ ቃል ከአፉ አልሰማሁም፤ ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም።

አባቴን ጆሮው እየከዳው እንደነበር አውቅ ነበር። ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም። ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል። እቤት ውስጥ ግን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እንዴት ይነገራል? ጆሮው እንጀራው ነው። ደንበኛ ሲመጣ አጠገቡ እቆምና የተናገሩትን የራሴ ቃል አስመስዬ እደግምለታለሁ፤ «አባዬ፣ ፍሬኑ አልያዝ ብሏቸዋል አሉ» እላለሁ፣ እሱም ሰምቶ እንደነበር ሰው ራሱን ይነቀንቃል። የሰው ወሬ ባይሰማ እንኳ ብረት ሲጮህ ይሰማል ብዬ አምን ነበር። ሥራው አልተበላሸማ! ዕቃውን ይመታል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ደህናውን ወደ ቀኝ መጥፎውን ወደ ግራ ያደርጋል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም።

ባላምባራስ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ አውቶሞቢል ነበረቻቸው። ለፍጥነት ብለው ከባሕር ማዶ ያስመጧት ናት። አንድ እሑድ ጃን ሜዳ አጠገብ አንድ ግሪክ ነጋዴ በራሱ አውቶሞቢል አልፏቸው፣ ነጭ ካባቸውን አቧራ አልብሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ግሪኩም ወደኋላ አላለም፤ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ሁለቱ አውቶሞቢሎች ከጊዮርጊስ ተነሥተው እስከ እንጦጦ ዳገት ጫፍ እንዲሽቀዳደሙ ተስማሙ። ባላምባራስ ጫፉ ላይ ቆመው ሊጠብቁ፣ የሚነዳው እንድሪስ ሆነ።

ቀይዋ ግን ስትፈጥን መንተባተብ ነበረባት። አባቴ ከፍቶ አያትና «ሞላዋ ደክሟል» አለ። ቫልቮላ ማለት የሞተር በር ናት፤ ነዳጁ ሊገባ ትከፈታለች፣ ሊቃጠል ደግሞ ትዘጋለች። የምትዘጋው በሞላ ግፊት ነው፤ ቀይዋ ስምንት በር፣ ለእያንዳንዱም አንድ ሞላ ነበራት። ሞላው ከላላ፣ ሞተሩ ሲፈጥን በሯ በጊዜ ሳትዘጋ ትቀርና ጉልበቱ ሁሉ ያመልጣል። ከሠሪዎቹ አገር አዲስ ሞላ ይምጣ ቢባል በጅቡቲ በኩል ሦስት ወር ይፈጃል። የቀረው ምርጫ አንድ አርመን ነጋዴ ለሌላ ዓይነት አውቶሞቢል ያስመጣቸው ሞላዎች ነበሩ። ሁለት ቆርቆሮ ሙሉ ሰጠን፤ በአንዱ ሽቦው ወፍራም የሆነ፣ በሌላው መካከለኛ።

ረቡዕ ዕለት ባላምባራስ ምርጫውን ሊያዩ ሰዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ለትልቅ ሰው የሚሠራ ሥራ በዓይኑ ፊት መሠራት አለበት፤ ያኔ ልማዱ እንዲያ ነበር። የአራዳ ሰው ደግሞ የራሱ ሥራ ሲፈታ ሌላው ሲሠራ ማየት ይወዳል፤ ደጃፉን ሞሉት። ከሁሉ ፊት የነበረው የባላምባራስ ባልደረባ ሐጎስ ነው፣ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው።

«ወፍራሙን ያድርጉት እንጂ ጋሽ ረሻድ! ጠንካራ አይደለም እንዴ የምንፈልገው?» አለና አንዱን ወፍራም ሞላ አንሥቶ በመዳፉ ሊጨምቀው ሞከረ፤ አቃተው።

አባቴ ሞላውን እጁ ላይ ስላየው ጥያቄው ገባው። «ወፍራሙም በሩን ይዘጋዋል፤ ግን እያላጋ ነው የሚዘጋው። ወር ሳይሞላ በሩንም መቃኑንም ይበላል። ሞተሩም ጉልበቱን ሞላ በመግፋት ይጨርሳል፣ ለጎማው ምን ይተርፈዋል? የሚበቃው መካከለኛው ነው። እሱም ስምንቱ እኩል ከሆኑ ነው» አለ።

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ዞሮ አሥራ ሁለቱን መካከለኛ ሞላዎች ጠረጴዛው ላይ ያቆማቸው ጀመር። ቁመታቸውን አስተያየ። ከጎረቤት ቅቤ ነጋዴ የተዋሰውን የሚዛን ብረት አንድ በአንድ እየጫነባቸው፣ ምን ያህል እንደሚጨመቁ ምልክት ባለው እንጨት ለካ። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱ ተመሳሰሉ። ጀርባውን ለሰው እንደሰጠ ባላምባራስ «ረሻድ፣ ለእሑድ ትደርሳለች?» አሉት።

አልዞረም። «ረሻድ!» አሉ። አልዞረም። ሦስተኛውን በቁጣ ጠሩት። እኔ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ነበርኩና ሮጬ እጅጌውን እስክስበው ድረስ ሰዉ ሁሉ ያየዋል።

«ባላምባራስ፣ እዚህ ቤት ብረቱ ይሰማል እንጂ ሰውየውስ የሚሰማ አይመስለኝም! የፈረንጁ ጋራዥ ሳይሻለን አይቀርም» አለ ሐጎስ። ደጃፉ በሙሉ ሳቀ።

ባላምባራስ አልሳቁም። እሱ ነው የባሰኝ። አባቴን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ነገሩን የገመቱት መሰለኝ። ፊቴ ነደደ። ሐጎስን በያዝኩት መፍቻ ብለው ደስ ባለኝ! «ለእሑድ ትደርሳለች ወይ ነው የሚሉት አባዬ» አልኩት፤ «ትደርሳለች ጌታዬ» አለ ጎንበስ ብሎ። በዚያች ሰዓት ለራሴ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ሰው እያየን አባቴን የሚያሳፍር ነገር ከእኔ አይወጣም፣ ከአፌም ከፊቴም።

ከዚያ መምታቱ መጣ። ሞላዋን በክር አንጠልጥዬ እይዛለሁ፣ አባቴ በናስ ዘንግ ጎኗን ነካ ያደርጋታል። የመጀመሪያዋ ጥርት ብላ ጮኸችና ቆየች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም፣ አምስተኛዋም። ስድስተኛዋ ስትመታ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ «ጠቅ» ብላ ቀረች። ክሩ ጣቴ ላይ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሰዉ ይንጫጫል፤ ከእኔ በስተቀር የሰማ አልነበረም። ወደ ክሩ አቀረቀርኩ፤ ቅንድቤን እንኳ አላነሣሁም። ደግሞ መታት። ያው ነው። ደግሞ አየኝ። ፊቴን እንደ ግድግዳ አደረግሁት። እንግዶቹ ሲሄዱ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፣ ከቀሪዎቹ አራት መካከል የሚቀርባትን እንፈልጋለን፣ ማንም ሳያውቅ ያልቃል ብዬ ነበር። አባቴ ሞላዋን ወደ ቀኝ አስቀመጣት።

እንግዶቹ ግን አልሄዱም። ባላምባራስ «በል እኔ እያየሁ ግጠማት» ብለው በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። ሞተሩ ተከድኖ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ እንደ ጅረት ወጥ ነበር፤ መንተባተቡ ጠፍቷል። ባላምባራስ ሰው ፊት የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ሐጎስ እንኳ «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ረሻድ» አለ። አባቴ ያን ቀን እንደሳቀ ሲስቅ ከእናቴ ሞት ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ማታ እንድሪስ ለመግሪብ ሶላት ሲታጠብ፣ ለውዱኡ ውኃ እያፈሰስኩለት ስለ ስድስተኛዋ ነገርኩት።

«እርግጠኛ ነሽ ነጂባ?»

«እጄ ላይ ነው ድምፅዋ የሞተው እያልኩህ!»

«ታዲያ ለአባባ ንገሪያቸዋ።»

«አንተ ንገርልኝ።»

«እኔ? አማቼን?» ብሎ ፊቱን አበሰ። «‹ልጅዎ ጆሮዎ አልሰማም አለችኝ› ልበላቸው? ዛሬ እንዲያ ሲስቁ አይተሽ የለም? ዝም በይ ነጂ። እሑድን እንለፈውና ሰኞ ሞተሩ ይጠረግ ብዬ አመጣዋለሁ፣ ያኔ አንቺ እጅሽን አስገብተሽ ትቀይሪያለሽ።»

«መንገድ ላይ ብትሰበርስ?»

«ብትሰበር አውቶሞቢሏ ትቆማለቻ! እኔ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ባላምባራስ ይሰድቡኛል። ስድብ እስከ ዛሬ አልገደለኝም።»

እኔም ይህን ሰምቼ ልቤ ቀለል አለ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት ልነግረው ወደ አባቴ ሄድኩ። አዲስ ደንበኛ መጥቶለት፣ ሌላ ሁለት ደግሞ መልእክት ልከውለት፣ ጠረጴዛውን እየወለወለ ያንጎራጉራል። «አባዬ» አልኩት። ዞሮ ከንፈሬን ያይ ጀመር። «ቁርስ ደርሷል» አልኩት። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜም እንዲሁ። ሦስት ቀን ሙሉ «አባዬ» እያልኩ ጠርቼው ስለ ምግብ አወራሁ!

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ አራዳ በሰው ተጥለቀለቀ። እኔና አባቴ ቀደም ብለን ዳገቱ መካከል፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቆምን። በቀኝ በኩል ገደል አለው። እንድሪስ ከታች ብቅ ሲል ግሪኩን በብዙ ጥሎታል። ሞተሩ አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማ መጣ፤ ሲያልፈን እጁን አነሣልን። አባቴ በደስታ ትከሻዬን ጨበጠ።

የድምፁን መሰበር ከሁሉ ሰው በፊት ሰማሁ። አንድ ደረቅ ምት፣ ከዚያ የብረት መፋጨት፣ ከዚያ ዝምታ። እንድሪስ ማርሽ ሊቀይር፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በረገጠበት ቅጽበት ሞላዋ ተሰብራ ሞተሩ ሞቶበታል። አውቶሞቢሏ ዳገቱ ላይ ትንሽ ቆመችና ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች። የእጅ ፍሬኑን ሲስብ አየሁት፤ በሁለት እጁ ነው የሳበው። በዚያ ዳገት ላይ የዚያን ጊዜ ፍሬን ምን ያቆማል! እኔ ለሞተሩ ፈርቼ ነበር፣ እሱ ለስድቡ፤ ዳገቱን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ሰዉ ጮኸ። አባቴ ግን አሁንም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ግሪኩ የት እንደደረሰ ወደ ታች ይመለከታል። ዞሮ እኔን ሲያይ ነው ፈገግታው የጠፋው። አውቶሞቢሏ ያን ጊዜ በኋላዋ ገደሉ ውስጥ ገብታ ነበር።

እንድሪስ እዚያው አለፈ። ያኑ ዕለት ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሊቀብሩት ሄዱ፤ እኛ ሴቶቹ እቤት ቀረን። ለእናቱ ለሸፊቃ አንድ ልጇ እሱ ነበር። እሷ ልትጽናና ሲገባት እኔን ታጽናናኝ ጀመር። በእጇ ታጎርሰኛለች። «አልቅሺ ልጄ፤ እሱ ቢሄድም አንቺን ትቶልኛል» ትለኛለች። ባጎረሰችኝ ቁጥር ፊቷን ማየት እየፈራሁ አቀረቅር ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ከለቅሶው ቤት ተነሥቶ ወጣ። ቀይዋን አውቶሞቢል በበሬ ጎትተው ጋራዡ ደጃፍ ጥለዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሯል። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል ጠርቶ አስወጣኝና ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠኝ። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ፈታው። ለሁለት የተሰበረች ሞላ ናት።

«ተመልከቺ» አለኝ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙሮ። «ግማሹ ነጭ ነው፤ እሱ እሑድ የተሰበረው ነው። ይሄ ግማሹ ግን ጠቁሯል። ይሄ ከድሮ የነበረ ስንጥቅ ነው ነጂባ። ቆርቆሮው ውስጥ እያለች ጀምሮ ነበረባት። ስንመታት ድምፅዋ መታፈን ነበረበት።»

አባቴ ጨርቁን ጭኑ ላይ ዘረጋው።

«አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አለ ኋላ። «እኔ ብረት ሲጮህ መስማት ካቆምኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ምንም አልሰማም። ስመታው አንቺን ነው የማየው። መጥፎው ሲሆን ቅንድብሽ ብድግ ይላል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደዚያ ነሽ፣ አታውቂውም። እንጀራ የበላሁት በአንቺ ጆሮ ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሳላውቀው እጄ ወደ ቅንድቤ ሄደ።

«ይህቺን ሁለት ጊዜ መታኋት። ሁለት ጊዜ አየሁሽ። ፊትሽ ዝም አለ» አለ። «ደህና ናት ብዬ ገጠምኳት። ሰዉ ይጮህ ነበር አይደል? በዚያ ጫጫታ ምኑን ትሰሚዋለሽ። አልሰማሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደንቁሬያለሁ ማለት ነበረብኝ። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለሸፊቃ ልነግራት ነው የመጣሁት። አንቺ ቀድመሽ እንድትሰሚው ብዬ ነው።»

እንዲህ ብሎ ሊነሣ መሬቱን ተደገፈ። ዝም ብል ኖሮ ይነሣና ይገባ ነበር። ነገሩ በእሱ ላይ ያበቃ ነበር፤ እኔም ሸፊቃ እያጎረሰችኝ እኖር ነበር።

እጅጌውን ያዝኩት። «ሰምቼ ነበር» አልኩ።

«እ?» አለ።

«ሰምቼ ነበር አባዬ።» ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣም። አባቴ ከንፈሬን ሊያይ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ ግን በእንባ ተሞልቷልና አልታየውም። በሕይወቱ ሰው ፊት አድርጎት የማያውቀውን፣ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«አልሰማሁሽም ልጄ፣ ከፍ አድርገሽ ተናገሪ» አለኝ።

«ሰምቻት ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ስድስተኛዋ ስትታፈን ሰምቻት ነበር! ሰው ፊት እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት! ለእንድሪስም ነግሬው ነበር! እያወቅሁ ነው የላክሁት!»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ። አባቴ እጁን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ አሁን ሰምቶኛል። ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ጸጥ አሉ፣ ከዚያ የሸፊቃ የእግሯ ድምፅ መጣ። በሩ ላይ ቆማ፣ የያዘችውን ጉርሻ እንደያዘች፣ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ቀስ ብዬ ደግሜ ነገርኳት።